ሥራ ሲጠፋና ኑሮ ሲከብድ፦ አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንቆጥብ፣ ሥራስ እንዴት እንፈልግ

ሥራ ያጣ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ይደብቃል። ጠዋት እንደድሮው ለብሶ ይወጣል፣ ካፌ ገብቶ ማኪያቶ ያዛል፣ ጓደኛው ሲደውል «አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላል፣ ሰርግ ሲጠራ ከማን አንሼ ብሎ እንደድሮው ያዋጣል። በሁለት በሶስት ወር ውስጥ እጁ ላይ ያለችው ብር ታልቃለች፣ ሥራ ሊጠቁመው ይችል የነበረው ሰው ሁሉ ደግሞ ሥራ እንዳጣ እንኳን አልሰማም። እኔ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ላይ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ የተቀጠረውም የተቀነሰውም ሰው ፋይል በእጄ ያልፍ ነበር፣ እና ካየሁት ሁሉ ሰውን በጣም የሚጎዳው ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ከታች ስለ ጤፍም ስለ ሲቪም ስለ ቤት ኪራይም ስጽፍ ምክሬ አንድ ነው፣ ለመደበቅ የምታወጡትን ብርና ጉልበት ሥራ ለመፈለግና ለመኖር አውሉት።

ደግሞ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 120 አልፏል። እቃ ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ሁሉ ካፒታሉ በግማሽ ተቆረጠ ማለት ነው፣ ዘይቱም መድኃኒቱም መለዋወጫውም ነዳጁም አብሮ ወጣ፣ የብዙ ሰው ደሞዝ ግን አብሮ አልወጣም። ከዛ ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ኤንጂኦ ላይ ይሰሩ የነበሩ ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች በአንድ ደብዳቤ ቤታቸው ገቡ። ይሄ ሁሉ የናንተ ስንፍና አይደለም፣ ይህን ለራሳችሁ ካላመናችሁ ለሰው መንገር ይከብዳችኋል።

ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀታችሁን ጨርሱ

ተቀነሳችሁ ከተባለ ተናዳችሁ እቃችሁን ሰብስባችሁ አትውጡ፣ እባካችሁ። የግል ድርጅት ወይም ኤንጂኦ ከሆነ የሚገዛችሁ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ነገር ይሰጣችኋል። የሙከራ ጊዜያችሁን ጨርሳችሁ በሰራተኛ ቅነሳ ወይም ድርጅቱ ስለተዘጋ ከወጣችሁ የስራ ስንብት ክፍያ አላችሁ፣ ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዛ በኋላ ላለው እያንዳንዱ አመት የዚህ አንድ ሶስተኛ እየተጨመረ። ያልወሰዳችሁት የአመት እረፍት በብር ይሰላል። ይሄ ሁሉ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ካልከፈሏችሁ «ዛሬ ነገ» እያሉ እንዳያመላልሷችሁ፣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ቀኑ ካለፈ መክሰስ አይቻልም። ሰው ይሉኝታ ይዞት «ነገ እነሱ ጋ ልመለስ እችላለሁ» እያለ ዝም ብሎ ቀኑ ያልፍበታል። መብቱን በትህትና በጽሁፍ የጠየቀ ሰው ላይ ማንም ቂም አይይዝም፣ የሚይዝ ካለም መጀመሪያውኑ አይመልሳችሁም ነበር።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ግን በጣም ጠንቀቅ በሉ ምክንያቱም ሰው ሥራ ሲፈልግ ገደል የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የመንግስት መስሪያ ቤት ማስታወቂያ ታች ላይ አንብቡት፣ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር ስለመከፈሉ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል» ይላል። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ (መደቡ ከተቀየረ እያንዳንዱ ለየብቻ)፣ በስንት ብር ደሞዝ እንደሰራችሁ፣ የሥራ ግብር እና ጡረታ ይቆረጥ እንደነበር መጻፉን፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማህተም መኖሩን እዛው ቆማችሁ አንብቡ። ስማችሁ ከዲግሪያችሁና ከፋይዳ መታወቂያችሁ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፣ በእንግሊዝኛ አንዱ ላይ ሁለት ኤስ ሌላው ላይ አንድ ኤስ ሆኖ ሰው ከምዝገባ ሲመለስ አይቻለሁ። ደብዳቤው በነጻ ሊሰጣችሁ የሚገባ ነገር ነው። ክሊራንሱንም፣ ማለትም የድርጅቱ ንብረትም እዳም እንደሌለባችሁ የሚገልጸውን ወረቀት፣ አብራችሁ ያዙ። ድርጅቱ ሊዘጋ ከሆነ ሁለት ሶስት ኦሪጅናል ጠይቁ፣ ከተዘጋ በኋላ ማህተም ያለው ሰው ፍለጋ አገር ለአገር መዞር ነው የሚሆነው።

ብሩን ቁጠሩት

እጃችሁ ላይ ያለውን፣ የስንብት ክፍያውን፣ ሰው ላይ ያለውንም ደምሩና ለስንት ወር ይበቃል በሉ። ማታ ቁጭ ብላችሁ ከባል ከሚስት ጋር፣ ልጆች ከፍ ካሉ እነሱም ባሉበት። ልጆች የሚገባቸው ከምናስበው በላይ ነው፣ «በዚህ ሴሚስተር አዲስ ጫማ የለም» ብላችሁ በግልጽ ብትነግሯቸው ይሻላል፣ ደብቃችኋቸው በየቀኑ ከምትቆጧቸው።

መጀመሪያ የማይነኩትን ለዩ። ኪራይ፣ እህል፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ስልክ፣ እድር። እድር እንዳታቋርጡ፣ በወር የምትከፍሉት ትንሽ ነው፣ ለቅሶ ከመጣ ግን ያለ እድር የሚያስወጣው የአመት ወጪ ነው፣ ደግሞ እድር ማለት ሰው ነው፣ ስለሱ ወደ ታች እመለሳለሁ። እቁብ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው ሄዳችሁ ሁኔታውን ንገሩት፣ እጣ ካልወጣላችሁ ቀድሞ እንዲሰጣችሁ ወይም ከሌላ አባል ጋር እንድትለዋወጡ ጠይቁ፣ ብዙ እቁብ ይህን ይፈቅዳል። እጣችሁን በልታችሁ ከሆነ ግን ያ እዳ ነው፣ ከኪራይ ቀጥሎ አስቀምጡት ምክንያቱም እቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ስሙ ሰፈር ውስጥ በደህና አይነሳም።

ስልክ ላይ በሁለት ደቂቃ የሚገኙት ትንንሽ ብድሮች ይቅሩባችሁ። ቴሌብር መላም ሆነ እንደኪሴ ወይም የባንኮቹ፣ ደሞዝ ያለው ሰው አንድ ሳምንት እንዲሻገርበት ጥሩ ናቸው፣ ደሞዝ የሌለው ሰው ግን ከየት ይመልሳል? የአገልግሎት ክፍያው ላይ ቅጣቱ ሲጨመር ሌላ ብድር ወስዶ የመጀመሪያውን መክፈል ይመጣል፣ ከዛ በቃ ከእጅ ወደ አፍ እንኳን አይቀርላችሁም። መበደር ግድ ከሆነ ከወንድም ከእህት፣ መቼ እንደምትመልሱ ተናግራችሁ።

ኪራይ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 አዲስ አበባ ላይ ይሰራል፣ ውሉ ቢያንስ ሁለት አመት ነው፣ አከራይ በፈለገ ቀን አይጨምርም፣ ጭማሪ በአመት አንዴ ከተማው በሚያወጣው ጣሪያ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ አይችልም። ውላችሁ ወረዳ ላይ ካልተመዘገበ አስመዝግቡት። ይህን ስል ግን ሄዳችሁ ተጣሉ አላልኩም። አከራያችሁን ቀርባችሁ «እትዬ፣ ሥራ ላይ ችግር ገጥሞኛል፣ ለዚህ ወር አስር ቀን ልቆይ» ብሎ በቀኑ መናገርና ቀኑ ካለፈ በኋላ ስልክ ዘግቶ መደበቅ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። አልቻል ካለ ደግሞ ሳትጨነቁ ቀድማችሁ ተንቀሳቀሱ፣ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ላይ አንዱን ክፍል ለምታውቁት ሰው መስጠት ወይም ራቅ ወዳለ ሳይት መግባት ብሩ ሳያልቅ ነው የሚደረገው፣ ካለቀ በኋላ ለደላላና ለጭነት የሚከፈል አይኖርም።

ጓዳው

ምግብ ላይ ጊዜ ልውሰድ ምክንያቱም ትልቁ ወጪ እሱ ነው፣ ደግሞ ኑሮ ሳይከስም ሊቀነስ የሚችለውም እሱ ነው።

ጤፍ በኪሎ ከሱቅ ከመግዛት ተሰብስቦ በኩንታል መግዛት ይሻላል። እኛ ብሎክ ላይ አራት ቤት ሆነን ነው የምንገዛው፣ ነጭ ሳይሆን ሰርገኛ፣ ከእህል በረንዳ። ሁለት ሰው ይሄዳል፣ ከጆንያው አፍ ሳይሆን እጅ አስገብቶ ከመሃል ይዘገናል፣ መዳፍ ላይ አሽቶ እፍ ሲባል ገለባው ስንት እንደሆነ ይታያል፣ ከዛ ትንሽ አፍ ውስጥ ከቶ ማኘክ ነው፣ አሸዋ ካለው ጥርስ ወዲያው ያውቀዋል። ቤት ሲደርስ ደረጃው ስር ሚዛን ተቀምጦ ለአራት 25 25 ኪሎ ይከፈላል፣ የተሸካሚውና የመኪናውም ለአራት። ወፍጮ ቤት ደግሞ አንድ ሰው እህሉ እስኪፈጭ ይቆማል፣ «ከኛ በፊት ምን ነበር የተፈጨው» ብሎ ይጠይቃል፣ በቆሎ ከነበረ የመጀመሪያዋን ትንሽ ዱቄት ለብቻ ይቀበላል። አዲሱ ጤፍ ገበያ የሚገባው ከታህሳስ ጀምሮ ስለሆነ አቅም ካለ ያኔ ለብዙ ወር መያዝ ነው፣ ክረምት ላይ የሚገዛ ሰው ሁሌም የሚከፍለው የበለጠ ነው።

ጤፍ ብቻውን ከከበደ ደባልቁት። ማሽላ አንድ አራተኛ ድረስ እንጀራውን ብዙ አይቀይረውም፣ ሩዝ ያነጣዋል ግን በማግስቱ ይደርቃል ይሰባበራል፣ ስለዚህ ሩዝ የገባበትን ብዙ አትጋግሩ። ምጣዱ ራሱ ደግሞ መብራት ይበላል፣ አብዛኛው የቤት ምጣድ ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ነው፣ አንድ ሰዓት ሲሰራ 3 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ወሰደ ማለት ነው፣ የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ሶስት ከመጋገር በአንዴ ለሶስት አራት ቀን ጋግሩና የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ምጣዱን አጥፍታችሁ በቀረው ትኩሳት ቆሎ ቁሉበት። የተረፈ እንጀራ አይጣልም፣ ድርቆሽ አድርጉት፣ ቁርስ ላይ ፍርፍር ይሆናል።

ወጥ ላይ ሽሮን ከሱቅ በፓኬት አትግዙ፣ አተርና ሽምብራውን ገዝቶ ቤት ቆልቶ፣ ከክቶ ማስፈጨት በጣም ይረክሳል ጣዕሙም ሌላ ነው። ሽንኩርት በአመት ውስጥ ሲወድቅ ሲነሳ የሚውል ነገር ነው፣ ሲወደድ ጎመን በድንች፣ ዱባ፣ ንፍሮ፣ በሶ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት ይህን ድሮም ያውቀዋል፣ የጾሙን ቀን ምግብ ወደ ሌሎቹም ቀናት ማስፋት ነው። ዘይትና ስኳር ሸማቾች ማህበር ሲመጣ ቶሎ የሚሰማው ግቢውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ከጎረቤት ጋር ተጠራሩ። አትክልት ለመግዛት የእሁድ ገበያ ጥሩ ነው፣ ግን ሄዳችሁ ያላሰባችሁትን ይዛችሁ እንዳትመለሱ፣ ጽፋችሁ ሂዱ።

ካፌ ላይ ያለውን ነገር ቁረጡት። ሰው ካገኛችሁ ቤት ጥሩት፣ ቡና አፍሉ፣ ወይም እየሄዳችሁ አውሩ። ልብስ ካስፈለገ ሰልባጅ አለ፣ ለኢንተርቪው የሚሆን ንጹህ ሸሚዝና ሱሪ እዛ ይገኛል። አንበሳና ሸገር ባስ ከሚኒባስ ይረክሳል፣ ግን ቀድሞ መውጣት ይፈልጋል፣ ሥራ ስትፈልጉ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ያሉ ጉዳዮችን አንድ ቀን አድርጓቸው።

ለሰው ንገሩ

ይሄን ክፍል አትዝለሉብኝ። እኔ ባየሁት፣ በተለይ መካከለኛና ትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ፣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት አለቃው «የምታውቁት ሰው አለ?» ብሎ ቢሮ ውስጥ ይጠይቃል። ያኔ ስማችሁ የሚጠራው አንድ ሰው ሥራ እንደምትፈልጉና ምን እንደምትችሉ ካወቀ ብቻ ነው። ይህን ዘመድ ያለው ብቻ ነው የሚቀጠረው ብላችሁ አትዩት፣ የሚጠቁማችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ አይደለም፣ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ክላስሜት ነው፣ እድር ላይ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው፣ የልጃችሁ ጓደኛ እናት ናት።

«ሥራ ካለ ንገረኝ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፣ ሰውየው ምን እንደሚፈልግላችሁ አያውቅም። እንዲህ አድርጉት፦

«ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና? እኔ ከመስሪያ ቤቴ በሰራተኛ ቅነሳ ወጥቻለሁ። ሂሳብ ላይ 6 አመት ሰርቻለሁ፣ ፒችትሪ እችላለሁ፣ የወሩን ግብር ማሳወቅም እኔ ነበርኩ የምሰራው። እናንተ ጋ ወይም የምታውቀው ቦታ የሂሳብ ሰራተኛ ወይም ካሸር የሚፈልግ ካለ ብትጠቁመኝ ደስ ይለኛል። ሲቪዬን አሁኑኑ ልልክልህ እችላለሁ። ባይኖርም ችግር የለም፣ አመሰግናለሁ።»

ይሄ አጭር ነው፣ ሰውየው ለሌላ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ፎርዋርድ ሊያደርገው ይችላል። ትልልቅ ሰዎች ጋ ግን ቴሌግራም አይላክም፣ ለጋሼና ለእትዬ ይደወላል፣ ቢቻል ቤት ድረስ ይኬዳል። ማህበርና ሰንበቴ ላይ፣ መስጊድ ከሶላት በኋላ ሰው ሲጨዋወት፣ ሰዉ እንዴት ነህ ሲላችሁ «ደህና ነኝ፣ ሥራ እየፈለግኩ ነው» በሉ፣ አንገት ሳትደፉ። አንድ ወር ካለፈ ደግሞ አንዴ አስታውሱት፣ ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ጉዳይ በዝቶበት ነው የሚረሳው።

ማስታወቂያና ሲቪ

ማስታወቂያ የምታዩበትን ቦታ ሶስት አራት አድርጉት፣ ከዛ በላይ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ነው። ኢትዮጆብስ፣ አንድ ሁለት የታወቁ የቴሌግራም ቻናሎች፣ የአማርኛው ሪፖርተር እሁድና ረቡዕ፣ ለመንግስት ደግሞ አዲስ ዘመን። ጋዜጣ ለመግዛት ብር አታውጡ፣ አራት ኪሎ ሄዳችሁ ማንበብ ይቻላል፣ እዛው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ነጻ ነው፣ ኢንተርኔት አለው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ቤት ውስጥ ሲጨንቃችሁ ቀን የምትውሉበት ከካፌ የተሻለ ቦታ ነው። ወረዳችሁ ላይም በሥራ ፈላጊነት ተመዝገቡ፣ ፋይዳ ከሌላችሁ አውጡ፣ ምዝገባው ክፍያ የለውም።

የመንግስት ማስታወቂያ ላይ «ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለውን ቁጠሩት፣ «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ» ስለሚል ፎቶኮፒውን በአንዴ አስር አስር አድርጋችሁ አስነሱ። ኦሪጅናላችሁን ለማንም ትታችሁ እንዳትመጡ፣ አይተው ይመልሱላችሁ። ሁሉንም ደግሞ በስልክ ስካን አድርጋችሁ አንድ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ የፋይሉ ስም የራሳችሁ ስምና የሥራው ስም ይሁን። «ዶክመንት 1» የሚል ፋይል የላከ ሰው ስንት ነው መሰላችሁ፣ መቶ ሲቪ ውስጥ ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሲቪ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን ሥራችሁን ነው፣ ስለዚህ ከላይ አድርጉት። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን የምሰራ» የሚለውን ሁሉም ሰው ይጽፈዋል፣ በሱ ቦታ የሰራችሁትን ጻፉ፣ ለስንት ቅርንጫፍ ፔሮል ትሰሩ ነበር፣ ስንት መኪና ታስተዳድሩ ነበር፣ ስንት ተማሪ ነበራችሁ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ሁለት ስልክ ቁጥር አስቀምጡ፣ አንዱ የቤተሰብ ሰው ይሁን፣ እና የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሱ፣ እባካችሁ። ጥሩ ጥሩ ሰው ለፈተና ስንጠራ ስልኩ ዝግ ሆኖ ለቀጣዩ ሰው አልፈናል።

የባንክ፣ የካሸርና የስቶር ሥራ ዋስ ይጠይቃል። ስታመለክቱ ቀድማችሁ አንድ ሰው አነጋግሩ፣ ደሞዙ ስንት እንደሆነ፣ መስሪያ ቤቱ የዋስ ደብዳቤ ይጽፍለት እንደሆነ ጠይቁት፣ ምክንያቱም ካለፋችሁ በኋላ ዋስ ስታፈላልጉ ቦታው ሊያልፋችሁ ይችላል። ዋስ መሆን ከባድ ነገር ነው፣ እምቢ ያላችሁን ሰው አትቀየሙት።

ባዶ ጊዜ ካላችሁ ስልጠና ውሰዱ፣ ግን ብር የሚከፈልበት አይሁን። ሐምሌ 2016 ላይ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የኮዲንግና የዳታ ስልጠና ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ሰርተፍኬቱ ብቻውን ያስቀጥራል አልላችሁም፣ ከያዛችሁት ሙያ ጋር ስታገናኙት ነው ዋጋ ያለው፣ ለምሳሌ የኤንጂኦ ሪፖርት ትሰሩ የነበራችሁ ሰዎች የዳታ ትንተናውን ብትወስዱ ወደ ባንክና ኢንሹራንስ ለመሻገር ይረዳችኋል።

ብር የሚጠይቃችሁ ሥራ ሥራ አይደለም

ለፎርም፣ ለዩኒፎርም፣ ለስልጠና፣ ለሜዲካል ቅድሚያ ክፈሉ የሚል ሁሉ ጥሉት። አገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ መሰረት ከሰራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ አይቀበልም። ቴሌግራም ላይ «ቪዲዮ ላይክ አድርጋችሁ በቀን ይህን ያህል አግኙ» የሚለው መጀመሪያ ትንሽ ይከፍላችኋል፣ ከዛ «ደረጃችሁን ለማሳደግ» ብር አስገቡ ይላል፣ ሰው ባስገቡ ቁጥር ኮሚሽን ይላል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው በችግር ጊዜ ሁሉም ነገር እውነት ይመስላል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ላልቸገረው ሰው አሳዩት።

አረብ አገር ያሰባችሁ እህቶች ደግሞ በጉብኝት ቪዛ እልክሻለሁ የሚል ደላላ እንዳትሰሙ። በህጋዊ መንገድ ስትሄዱ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን የሚከፍለው አሰሪው ነው፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ህጉ እንዲህ ነው የሚለው፣ እናንተ የምትሸፍኑት እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የብቃት ማረጋገጫ ያለውን ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋ አጣሩ፣ የውሉን ኮፒ ደግሞ ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁ ትታችሁ ሂዱ።

እስከዛ ድረስ የሚሰራ ሥራ

ዲግሪ ያለው ሰው ቤት ለቤት ልጅ ማስጠናት አያሳፍረውም፣ በሳምንት ሶስት ቀን ሁለት ቤት ብትይዙ የጓዳውን ይሸፍናል፣ ወላጆቹ ደግሞ የሆነ ቦታ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው። እንጀራ ለካፌ ማቅረብ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ ለመስሪያ ቤት ሰዎች መሸጥ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው የሰው መኪና ይዞ ራይድ መስራት፣ ለጥናት መረጃ መሰብሰብ፣ ለትንንሽ ሱቆች የወር ሂሳብ መስራት። ሱቆች ላይ ላተኩር፣ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አሁን ብዙ ይፈለጋል፣ ባለሱቁ ግብር ይፈራል ግን ሙሉ ሰራተኛ መቅጠር አይችልም፣ አምስት ስድስት ሱቅ በወር ትንሽ ትንሽ እየከፈለ ከያዛችሁ ብዙም ከደሞዝ አያንስም። ጊዜያዊ ሥራ ስትይዙ ግን ጠዋቱን ለራሳችሁ አስቀሩት፣ ማመልከቻና ኢንተርቪው ጠዋት ነው።

ሲጠሯችሁ

ስለ ድርጅቱ አንብባችሁ ሂዱ፣ ቀድሞ የነበረውን አለቃችሁን አትሙ፣ ለምን ወጣችሁ ሲባል «በጀት ስለተቋረጠ ቅነሳ ነበር» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ደሞዝ ስንት ትፈልጋለህ ሲሉ ያልተጣራ ነው የተጣራ ብላችሁ ጠይቁ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ግብር የማይነካው ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ከናንተ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሰሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ ስለዚህ እጃችሁ ላይ የሚገባውን ቀድማችሁ አስሉና ከትራንስፖርትና ከምሳ ጋር አወዳድሩት። ሩቅ ቦታ በትንሽ ጭማሪ ከመሄድ ቅርብ ቦታ ምሳ ቋጥሮ መስራት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ከድሮው ያነሰ ቢሆንም መግባት ይሻላል ብዬ ነው የማምነው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሥራ ሲፈልግ ይደመጣል።

ከገባችሁም በኋላ ሙከራው የግል ድርጅት ወይም ኤንጂኦ ላይ ቢበዛ 60 የሥራ ቀናት ነው፣ እስኪያልቅ ድረስ ጓዳው እንደነበረ ይቀጥል፣ አዲስ እቁብ አትግቡ፣ የመጀመሪያው ደሞዝ ኪራይና የእቁብ እዳ ላይ ይዋል። ማስጠናቱን ወይም የሱቁን ሂሳብ ቅዳሜ ላይ ማቆየት ከቻላችሁ አቆዩት። እና መልእክት ለላካችሁላቸው ሰዎች ሁሉ ሥራ እንዳገኛችሁ ንገሯቸው፣ ለናንተ ብለው ይዘውት የነበረውን ቦታ ለሌላ ሥራ ፈላጊ ይጠቁሙታል።